ወሬ ያነገሣቸው ንግሥት



ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ እንጦጦ ወጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ በዕረፍት ቀን ልጆቹን አስከትሎ፣ ምሳውን ቋጥሮ ወደዚያ የሚወጣው ሙስሊም ቤተሰብ ብዙ ነው። ከተራራው አናት ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ በስተ ምሥራቅ የየካ ሠፈሮች ይታዩአችኋል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በዛፍ የተሸፈነው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ፣ ወዲያ ማዶ መገናኛና ኮተቤ። በተራራው ላይ ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያምና ሙዚየሙ አሉ።

እንግዲህ እዚያ ቆማችሁ ሳለ ልጃችሁ እጃችሁን ሳብ አድርጎ፣ «አባዬ፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት ሙስሊም ስለሆኑ ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ጥያቄው የሕፃን ቢመስልም መልሱ አዋቂን ያስቸግራል። አንዳንዱ ወላጅ ደረቱን ነፍቶ፣ «አዎን፣ የእኛ ንጉሥ ነበሩ፤ በእስልምናቸው ተበደሉ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «ተወው ልጄ፣ እሱ የፖለቲካ ነገር ነው» ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ያላጣራውን ይመሰክራል። ሁለተኛው ሳያስበው ልጁን በሃይማኖቱ መሸማቀቅን ያስተምረዋል። ሁለቱም ደግሞ በዚያ ታሪክ መካከል የቆሙትን አንዲት ሴት ይዘነጋሉ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን።

ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው ከሆስፒታሉ ነው። ዘውዲቱ ሆስፒታል ወልደናል፣ ዘውዲቱ ሆስፒታል አስታመናል። ሴትዮዋ ግን እንዴት ነገሡ? ምን ከፈሉ? ብለን ጠይቀን አናውቅም። እሳቸው በሃይማኖታቸው የተከሰሱ ሴት አይደሉም። የተከሰሱት የእኅታቸው ልጅ ናቸው። ይሁን እንጂ ያ ክስ ባይነሣ ኖሮ ዘውዲቱ ከአዲስ አበባ ርቀው እንደ ተቀመጡ፣ ከባለቤታቸው ጋር አርጅተው፣ ስማቸውም ከትውልድ ዝርዝር አልፎ ሳይሰማ በቀረ ነበር። ያነገሣቸው ያ ክስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ ክስ በመጽሐፍም በቤታችን ወግም የሚነገርበትን መንገድ መመርመር ነው።

የንጉሥ ልጅ፣ የሰው ሚስት

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሲሆኑ እናታቸው የወሎ ሴት ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ በሸዋና በዐፄ ዮሐንስ መካከል የነበረውን ስምምነት ለማጽናት ሲባል ለዐፄው ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ራስ አርአያ በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ከዚያም ሌሎች ትዳሮች አልፈው በ1892 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። ይህን ዝምድና ልብ በሉት፤ በኋላ ትዳሩን የሚያፈርሰው እሱ ነውና።

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ አልጋው ወራሽነታቸው በ1901 ዓ.ም. ለታወጀው ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ሆነ። የኢያሱ እናት ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ የዘውዲቱ እኅት በአባት ነበሩ። አባታቸው ደግሞ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ናቸው።

በአዲሱ አገዛዝ የሟቹ ንጉሥ ሴት ልጅ በቤተ መንግሥት ውስጥ እንዲቀመጡ አልተፈለገም። ዘውዲቱ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ፋሌ ተላኩ። እንጀራ እናታቸው እቴጌ ጣይቱም ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ዛሬ ልጆቻችን በሚሮጡበት በዚህ በእንጦጦ ተራራ ላይ ተቀመጡ። አንደኛዋ በፋሌ፣ ሌላይቱ በእንጦጦ፤ ሁለቱም የተረሱ መሰሉ።

ከተራራው ሥር የተሰበሰበው ወሬ

ልጅ ኢያሱ ወጣት ነበሩ። ዘውድ ሳይጭኑ ገዙ። በቤተ መንግሥት ከመቀመጥ ይልቅ አገር ለአገር መዞርን መረጡ። በአፋር፣ በሐረርና በድሬዳዋ ከሙስሊም ባላባቶችና ነጋዴዎች ጋር ተወዳጁ፤ ከእነሱም ቤት ሚስት አገቡ። በሱማሌ ምድር ከእንግሊዝና ከጣሊያን ጋር ይዋጉ ከነበሩት ከሰይድ ሙሐመድ ዓብዲሌ ሐሰን ጋር ይላላካሉ ተባለ።

ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የዑስማኒያ መንግሥት ከጀርመን ጋር ሆኖ በመሰለፉ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የሙስሊሙን ዓለም በሥጋት ያዩት ነበር። በአዲስ አበባ የነበሩት እንደራሴዎቻቸውም ዕረፍት አጡ። ከእንጦጦ ላይ ሆናችሁ የምታዩአቸው፣ በየካ በኩል የተንጣለሉት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ግቢዎች ዐፄ ምኒልክ በሰጧቸው ቦታ ላይ የቆሙ ናቸው። ሠፈሩንም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያሰኘው ይኸው ነው። በእነዚያ ግቢዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የሚመጣው ወሬ ሁሉ ይሰበሰብና ይተረጎም ነበር። ልጅ ኢያሱ ከመሻራቸው ጥቂት ቀደም ብሎም የሦስቱ መንግሥታት እንደራሴዎች አቤቱታቸውን በጋራ ለኢትዮጵያ መንግሥት አቀረቡ።

በቤተ መንግሥት በኩልም ቂም ነበር። በሹመት የተነሡ፣ የተናቅን ያሉ መኳንንት ነበሩ። ሐረርን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንም በ1908 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከዚያ ግዛት ተነሥተው ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት መኳንንቱና ካህናቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ፤ ኢያሱ ሰልመዋል፣ ከሙስሊም ጋር በልተዋል፣ የሙስሊም ልብስ ለብሰዋል፣ መስጊድ ገብተዋል፣ የሙስሊም ሴቶች አግብተዋል የሚል ነው። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ለኢያሱ ከገባው መሐላ ፈቱት፤ ልጅ ኢያሱም ተወገዙ። በዚያው ዕለት ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ልጅ ኢያሱ በዚያን ጊዜ ሐረር ነበሩ፤ ቀርበው መልስ እንዲሰጡ አልተጠየቁም።

ነጋሪው ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ሙስሊሞች ወሬ የምንመዝንበት ሚዛን አለን። ሊቃውንቶቻችን ሐዲሥ ሲሰበስቡ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ማንነት መረመሩ፤ ከማን ሰማ? ተገናኝተዋል ወይ? በነገሩ ውስጥ ጥቅም አለው ወይ? በፍርድ ሸንጎም ባላጋራ በባላጋራው ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት እምነቱ ያልተጣራ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት፣ አስቀድመን እንድናጣራ አዝዞናል።

በዚህ ሚዛን የ1909ን ክስ እንመዝን። ነጋሪዎቹ እነማን ነበሩ? በጦርነት ላይ ያሉ የውጭ መንግሥታት እንደራሴዎች፣ ሹመት ያጡ መኳንንት፣ ሥልጣኑን የሚረከቡት ሰዎች ናቸው። ሁሉም በነገሩ ውስጥ ጥቅም አላቸው። ይህ ብቻውን ክሱን ውሸት አያደርገውም፤ ባላጋራም አንዳንድ ጊዜ እውነት ይናገራልና። ነገር ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል ማለት ነው። ልጅ ኢያሱን በጥምጥም ያሳያል የተባለው ፎቶግራፍ ተቀናብሯል፣ አልተቀናበረም ሲባል ብዙ አከራክሯል። ብዙዎቹ የዘመናችን የታሪክ ተመራማሪዎችም ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ እንዳልተገኘ ይስማማሉ። ከሙስሊሞች ጋር መኖራቸው፣ መወዳጀታቸውና መጋባታቸው ግን አልተካደም።

መጻሕፍቶቻችን ይህን ምን ያህል ለይተው ይነግሩናል? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው የልጅ ኢያሱን መሻር ተርከዋል። ትረካው ግን የአሸናፊው ትረካ ነው፤ የክሱን ዝርዝር የሚነግሩን በክሱ ምክንያት አልጋ ወራሽ የሆኑት ሰው ናቸው። መጽሐፉን ማንበብ ተገቢ ነው። ከሳሽ የጻፈውን የክስ ማመልከቻ እንደ ዳኛ ፍርድ መቁጠር ግን ተገቢ አይደለም። ሆኖም ለብዙ ዘመን በየትምህርት ቤቱ የተነገረን ይኸው ነበር።

ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዚያን ዘመን ትዝታቸውን ሲጽፉ በመጽሐፋቸው ርእስ ውስጥ «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ቃል አኑረዋል። ርእሱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ያዩት ሌላ፣ የሰሙት ሌላ መሆኑን ያስታውሰናል። በ1909 ዓ.ም. ዙፋን የገለበጠው በአብዛኛው የተሰማ ነገር ነበር።

«ሰለመ» እንደ ስድብ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማስረጃ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። አንባቢ ሆይ፣ «ኢያሱ አልሰለሙም» ብለው ለልጅ ኢያሱ የሚሟገቱትን ጽሑፎች ልብ ብላችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ ደጋግ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። ይሁን እንጂ አገላለጻቸው ሰውየውን ከእድፍ ማጠብ ይመስላል፤ «ስማቸው በከንቱ ጠፋ»፣ «ጠላት የለጠፈባቸው ነው» ይላሉ። እንደዚህ ሲባል ከሳሹና ተከላካዩ በአንድ ነገር ተስማምተዋል ማለት ነው፤ መስለም ነውር ነው በሚለው። የሚከራከሩት ነውሩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም በሚለው ላይ ብቻ ነው። ይህን የምታነብ ሙስሊም ልጅ ምን ይሰማት ይሆን? የአያቶቿ ሃይማኖት በዚያ ክርክር ውስጥ ዋጋው እንደ ስርቆት ነው፤ ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም እንደሚባለው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጡት። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሲወለዱ ስማቸው ሙሐመድ ዓሊ ነበር። የወሎ ኢማም ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባስገደዱ ጊዜ እሳቸውም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ያ የሃይማኖት ለውጥ በአዋጅና በጦር ኃይል የመጣ ነው። ግን ሹመት አስገኘ፣ የንጉሥ ልጅም አስገባ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ የልጃቸው ለውጥ፣ ያውም በወሬ ብቻ የተነገረው፣ ዙፋን አሳጣ። አባትየውን ያስሾመ፣ ልጅየውን ያሻረ አንድ ሃይማኖት መለወጥ ነው፤ ልዩነቱ ከየት ወደ የት ነው የሚለው ብቻ ነው። ለልጆቻችን መነገር ያለበት ይህ ሚዛን መዛባቱ ነው። ኢያሱ ሰልመዋል ወይ? የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ የመጀመሪያው መስለም ለምን ወንጀል ሆነ? የሚለው ነው።

መልሱም አገራችን ረጅም መንገድ ከሄደች በኋላ መጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቁ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ ነፃነት እንዳለው ደነገገ። በ1909 ዓ.ም. መንግሥት የገለበጠው ክስ ዛሬ በሕግ ፊት ክስ ሊሆን አይችልም።

ዘውዱ ያስከፈለው

አሁን ወደ ንግሥቲቱ እንመለስ። በመሐላ የተሻሩት ኢያሱ ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ክስ የወጡት ዘውዲቱስ ምን አተረፉ?

በመጀመሪያ ባላቸውን አጡ። መኳንንቱ ዘውዲቱን ሲያነግሡ የጣይቱ ወገን በራስ ጉግሣ በኩል ተመልሶ ሥልጣን ላይ እንዳይወጣ ፈሩ። ስለዚህ ራስ ጉግሣ ከንግሥቲቱ ተለይተው ወደ በጌምድር ግዛት እንዲሄዱ ተደረገ። ስማቸው ዘውድ፣ ራሳቸው ላይ ዘውድ፣ ቤታቸው ግን ባዶ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ዘመዶቻቸው በስማቸው ተጨራረሱ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን መሻር ሰምተው የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በሰገሌ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከተመራው የሸዋ ጦር ጋር ተጋጥመው ተሸነፉ። ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል፣ የዘውዲቱ የእኅት ባል፣ ተማርከው በእስር ሳሉ በ1910 ዓ.ም. ሞቱ።

የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ዘውድ ጫኑ። ልክ በዓመቱ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ላይ አረፉ። ንግሥቲቱ ከቤታቸው ሰው እያነሱ ሄዱ።

ልጅ ኢያሱ ለአምስት ዓመት ያህል ሲሸሹ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙና በፍቼ ታሰሩ። በዚህ ጊዜ ዘውዲቱ ያደረጉት የሚነገር ነገር አለ። የእኅታቸው ልጅ በእሳቸው ዘንድ፣ በቤተ መንግሥታቸው እንዲቀመጥላቸው ጠይቀው ነበር ይባላል፤ ራስ ተፈሪና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን አልፈቀዱም። በእስር ቤት ምቾት እንዳይጎድላቸውም ያስቡላቸው ነበር ይባላል። የጠየቁት በራሳቸው ሃይማኖት መንገድ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊመልሷቸው አስበው። እኛ በዚያ አሳብ አንስማማም። ነገር ግን የሥጋ ዘመድን አለመቁረጥ በየትኛውም አንደበት ቢነገር እናውቀዋለን።

ከሁሉም የሚገርመው መጨረሻቸው ነው። ዓመታት አልፈው ራስ ተፈሪ እየበረቱ ሄዱ፤ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ራስ ጉግሣ ወሌም በበጌምድር ሸፈቱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሆነ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ቦምብ ብቻ አልጣለም፤ በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ ወረቀት በትኖ ነበር። ከወረቀቶቹ አንዱ ጉግሣንና ተከታዮቻቸውን የሚያወግዝ የጳጳሳት ውግዘት ነው። ጉግሣ በጦርነቱ ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አረፉና በበዓታ ከአባታቸው አጠገብ ተቀበሩ።

አስተውሉ፤ በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱን ያነገሠው ውግዘት በ1922 ዓ.ም. በክርስቲያኑ ባላቸው ላይ ከሰማይ ወረደ። በዚህ ጊዜ «ሰልመዋል» ማለት አላስፈለገም፤ መሣሪያው አንድ ጊዜ ከተለመደ ዒላማው ማንም ሊሆን ይችላል። ሃይማኖትን የሥልጣን መግረፊያ ማድረግ ሙስሊሙን ብቻ የሚጎዳ የሚመስላቸው ክርስቲያን ወገኖቻችን የዘውዲቱን ሕይወት ቢያነቡ ዕዳው ለእነሱም እንደሚተርፍ ያያሉ።

እኛስ?

ሌላውን ተችተን ራሳችንን ብንተው ፍትሕ አይሆንም። በእኛ ቤትም ሦስት ጥፋት አለ።

አንደኛው ኢያሱን ያለ ማስረጃ ሙስሊም ማድረጋችን ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሳማን (ረ.ዐ.) በጦር ሜዳ በሰው ልብ ላይ በመፍረዱ እንዴት እንደ ገሠጹት ታውቃላችሁ፤ የሰው ልብ ተከፍቶ አይታይም። በልብ ላይ መፍረድ ለማስወጣት ብቻ ሳይሆን ለማስገባትም አይፈቀድልንም። እስልምና የንጉሥ ስም ተውሶ የሚከበር ሃይማኖት አይደለም። ከሳሾቻቸው ለጥላቻ የተናገሩትን እኛ ለኩራት ብንደግመው ያው የእነሱን ወሬ ማሰራጨታችን ነው።

ሁለተኛው ዘውዲቱን በጠላትነት ማየታችን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን አስጠንቅቆናል። ክሱን ያቀነባበሩት እሳቸው መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር የለም። ከፋሌ ጠርተው አነገሷቸው፤ ባላቸውን ለይተው ወሰዱባቸው፤ በስማቸው ገዙ።

ሦስተኛው አሟሟታቸውን እያነሣን «ተመርዘው ነው» ማለታችን ነው። ወሬው ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም በንጉሡ ላይ የሚነገር ነው። ይሁን እንጂ የስኳር በሽታ እንደ ነበረባቸውና በአንጀት ተስቦ መታመማቸው ተጽፏል፤ ጊዜውም ጾም አጥባቂዋ ንግሥት የሚጾሙበት ዐቢይ ጾም ነበር። በኢያሱ ላይ ሲነገር «ማስረጃ የት አለ?» ያልን ሰዎች በተፈሪ ላይ ሲነገር ማስረጃ መጠየቅን ብንተው ሚዛናችን ምን ሚዛን ነው?

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ስማቸው በሐሰት በጠፋበት ጊዜ ምን እንደ ሆነ በየቤታችን የታወቀ ነው። ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ የአንገት ጌጣቸውን ሲፈልጉ ከጉዞው ቀሩ፤ ሶፍዋን (ረ.ዐ.) አግኝቷቸው በግመሉ አስቀምጦ አመጣቸው። ዓብዱላህ ኢብኑ ኡበይ ያን ይዞ ወሬ አወራ፤ መዲናም ለአንድ ወር ያህል ታመሰች። የንጽሕናቸው ምስክር ከአላህ ዘንድ በሱረቱ-ን-ኑር ወረደ። ንግሥቲቱን ከእናታችን ጋር ማነጻጸራችን አይደለም። ልብ ማለት የሚገባን ግን አንቀጾቹ ወሬውን የፈጠረውን ብቻ አለመውቀሳቸው ነው። የሰሙትንም ወቀሱ፤ በሰማችሁ ጊዜ ስለ ራሳችሁ ሰዎች መልካም ለምን አልጠረጠራችሁም? ምስክር የት አለ ብላችሁ ለምን አልጠየቃችሁም? የሚል ነው ትርጉማቸው። ከወሬኞቹ ጋር የገባውን ዘመዳቸውን ሚስጠሕን መርዳት ያቆሙት አቡበክርም (ረ.ዐ.) ይቅር እንዲሉ ተመከሩ፤ መለሱለትም። ሰሚ ባይኖር ወሬ ዙፋን አይገለብጥም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በዚያ አዳራሽ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሰውየው ይቅረብና ይጠየቅ» ቢል ኖሮ ስንት ነፍስ ከሰገሌ በተረፈ ነበር!

ለልጃችን የምንመልሰው

እንግዲህ በእንጦጦ ላይ ወደ ጠየቀን ልጅ እንመለስ። እንዲህ ብንለው ምን ይመስላችኋል?

«ልጄ፣ ልጅ ኢያሱ መስለማቸውን አናውቅም፤ ያላወቅነውን አንመሰክርም። ከሙስሊሞች ጋር በልተዋል፣ ተጋብተዋል፣ ተወዳጅተዋል ተባሉ፤ ይህ ደግሞ ነውር አልነበረም። የሻሯቸው ሰዎች ሥልጣን ፈልገው ይሁን ፈርተው፣ ሃይማኖታችንን ወንጀል አድርገው ቆጠሩት፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። በእሳቸው ቦታ አክስታቸውን አነገሡ። አክስታቸውም በዚያ ዘውድ ምክንያት ባላቸውን አጡ፣ የእኅታቸውን ልጅ ማዳን አልቻሉም። አንተ ስታድግ ስለማንም ሰው ሃይማኖት ወሬ ስትሰማ፣ የምትወደውም ቢሆን የምትጠላውም ቢሆን፣ መጀመሪያ ማን ነገረህ? ብለህ ጠይቅ።»

ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ላይረዳው ይችላል። ግን ከተራራው ሲወርድ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ቤቱ ሲያልፍ፣ በዚያ አጥር ውስጥ አንድ ጊዜ ወሬ ይሰበሰብ እንደ ነበር ያስታውሳል። ዘውዲቱ ሆስፒታል ሲባልም ሰው ትዝ ይለዋል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየገበያው፣ በየስልኩ «እገሌ እንዲህ ሆኗል» የሚለው ወሬ ዛሬም አልቆመምና ይህ ለእሱ ስንቅ ይሆነዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰምተው ከማያጣሩት አያድርገን። ወላሁ አዕለም።